ነጠላው የዋጠው ፊት

ልጄ ሰብለ ለበዓል ከአዲስ አበባ በመጣች ቁጥር ፎቶ ቤቴን የማጽዳት አባዜ አለባት። ዘንድሮም ሻንጣዋን ሳትፈታ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ገባችና ከመደርደሪያው ፊት ወገቧን ይዛ ቆመች። መደርደሪያው ላይ ካሜራዎቼ አሉ። ፊልም የሚጎርሱ፣ ባትሪ የሚበሉ፣ ሌንሳቸው የሻገተ፣ ቆዳቸው የተላጠ፣ አንዱማ ከበቅሎ ጀርባ ገደል ገብቶ የተረፈ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ብረት ምን ያደርግልሃል? ሁሉም ስልክ ውስጥ ገብቷል እኮ!»

«ስልክ ውስጥ የገባው ሌላ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ ይቺ ትሠራለች?» ከላይኛው ረድፍ ጥቁሯንና ከባዷን የሩሲያ ካሜራ አወረደች።

«እሷ እንኳ ከተበላሸች ቆየች።»

«ታዲያ?»

ታዲያ! ይሄን «ታዲያ» የወረሰችው ከእናቷ ነው፤ አንዴ ከተናገሩት ሰውን መድረሻ ያሳጣዋል። እኔ ደግሞ ካሜራዎቼ ሲነኩብኝ ደሜ ይፈላል። በወጣትነቴ የሰፈሬ ልጆች ከቱሪስት እስክሪብቶና ጫማ ሲጠይቁ፣ እኔ የምጠይቀው የተሰበረ ካሜራ ነበር። «የተሰበረ አለዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው ግራ ገብቷቸው ይስቁ ነበር። አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ዘመድ ሳልጠይቅ ምናለሽ ተራ ገብቼ ከዝገት ክምር ውስጥ ሌንስ ስፈልግ እውል ነበር። አንዱን በማር ለውጬዋለሁ፣ አንዱን ሰርግ አንስቼ በምስጋና ተቀብዬዋለሁ፣ አንዱን ፈትቼ መግጠም አቅቶኝ እስከ ዛሬ በጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጬዋለሁ። ባለቤቴ ስታገባኝ ከነዚህ ጋር መሆኑን አልነገርኳትም፤ ኋላ ነው ያየችው።

ለሰብለ ግን የዚያን ዕለት የነገርኳት በእጇ ስለያዘቻት፣ ስለ መጀመሪያዋ ካሜራዬ ብቻ ነው። ጨርቋን አስቀምጣ ተቀመጠች።

አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ፎቶ የለውም። በኛ ገጠር በዚያን ጊዜ ፎቶ ያለው ሰው የት ይገኛል? ልጅ ሆኜ መልኩን ስጠይቅ እናቴ «ረጅም ነበር» ትለኛለች፤ አጎቴ ደግሞ «ኧረ አጭር ነው፣ ትከሻው ነው እንጂ ሰፊ!» ይላል። እህቴ ጢሙን ብቻ ታስታውሳለች። አባቴን አለማየቴ ራሱ ያን ያህል አልከበደኝም፤ የማላውቀውን ምን ብዬ ልናፍቅ። የሚያንገበግበኝ የሚያውቁት ሰዎች አለመስማማታቸው ነበር። አንድ ሙሉ ሰው፣ አርሶ የበላ፣ ሚስት ያገባ፣ መልኩ እንደ ወሬ ተበትኖ ቀረ። ስለዚህ ገና በልጅነቴ በልቤ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ እናቴ እንዲህ አትጠፋም።

እናቴን የማጣበት ቀን ደግሞ ቀድሞ ተቆርጦ ነበር። ሕፃን ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ ተስፋ ተቆርጦብኝ ሳለ «እመቤቴ፣ ይሄን ልጅ አትርፈሽ ለአቅመ አዳም ካደረስሽልኝ፣ ቀሪው ዕድሜዬ ያንቺ ነው» ብላ ተስላለች። ተረፍኩ። አደግኩ። እህቴ ብልባላ ተድራ ወለደች፣ እኔም ጢም አወጣሁ። ታዲያ አንድ ክረምት ማለቂያ ላይ እናቴ ገብስ እየፈተገች፣ ቀና ሳትል «ለኅዳር ጽዮን ቆብ እጭናለሁ» አለች። ለገበያ እሄዳለሁ እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

በኛ ዘንድ የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደሞተ ይቆጠራል። መሬት ላይ አስተኝተው እንደ ሬሳ ይሸፍኑትና በቁሙ ፍትሐት ይነበብለታል። ከዚያ የሚነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ስሙ ተለውጦ፣ ቆብ ጭኖ። እናቴ ሰምና ወርቅ አትወድም፤ የተነገረውን እንደተነገረው የምትይዝ ሴት ናት። «ከዚያ በኋላ ፎቶም አልነሳ፣ የድሮውንም አላይ። የሞተ ሰው ምን ፎቶ አለው?» አለችኝ። እኔም ማድረግ ያለብኝ ከዚያ በፊት መሆኑን ያኔውኑ አወቅኩ።

ካሜራዋን ያገኘሁት ጋሸና ነው። ሙክቶች ልሸጥ ሄጄ፣ መገንጠያው ላይ ካለች ሻይ ቤት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ይቺን ጥቁር ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዳቦ በሻይ እየነከረ ይበላል። ከተበተነ ወታደር እጅ አገኘኋት አለኝ። ዓይኔን ከሷ ላይ ማንሳት አቃተኝ። «አማረችህ?» አለኝ። «አማረችኝ!» አልኩት። በጎቹን ከመኪናው ላይ ጫነ፣ እኔ ካሜራዋንና አንድ ፊልም ይዤ ቀረሁ። እስኪሄድ ድረስ ያስተማረኝ ትምህርት ይቺው ናት፦ «ይቺ መርፌ የብርሃን መለኪያ ናት። ቀለበቷን አዙር፤ መርፌዋና ቀለበቷ ሲገጥሙ ተጫን። መርፌዋን ካመንክ አትሳሳትም።»

ቤት ስደርስ እናቴ ካሜራዋን በሁለት ጣቷ አንስታ ገለበጠቻት።

«በግ ይዞ ሄዶ ብረት ይዞ መጣ! ይሄ ይታለባል? ይሸለታል?»

«ፎቶ ያነሳል፣ እማ።»

«ይወልዳል ወይ ነው የምልህ።»

አጎቴ ሰምቶ ለሳምንት አላናገረኝም። ምን አለፋችሁ፣ አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጥቷል፤ ማንም ምንም ቢል አይሰማኝም።

በመስቀል ማግስት ነው ያነሳኋት። ነጠላዋን በእንዶድ አጥባ፣ በፀሐይ አስጥታ፣ ዓይን እስኪያጥበረብር አንጥታዋለች። ቀሚሷም ነጭ፣ መቀነቷም ነጭ። ከቤታችን ፊት አቆምኳት። የነጠላዋን ጫፍ እስከ ግንባሯ ሳብ አድርጋ እጆቿን አጣመረች።

«ፈገግ በይ እማ።»

«ለማን ነው ፈገግ የምለው? ለብረቱ?»

መርፌዋን አየሁ፤ ቀለበቷን አዞርኩ፤ ገጠሙ። ተጫንኩ። የቀረውን ፊልም በበዓል ልብሳቸው ቤተ ክርስቲያን በመጡ ጎረቤቶች ጨረስኩና ወደ ደሴ ለሚወርድ ሹፌር ሰጠሁት። እዚያ ያጥቡታል አሉኝ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ፖስታው መጣ። ስከፍተው ክው አልኩ። ነጠላው በርቷል፣ የጥለቱ ክር ሳይቀር ይቆጠራል፤ ነጠላው ውስጥ ግን ሰው የለም። ፊት በነበረበት ቦታ ጥቁር ጉድጓድ አለ። የእናቴ ብቻ ሳይሆን የሁሉም። ጎረቤቶቼ መጥተው ፎቷቸውን ሲያዩ አንዱ ሲስቅ አንዷ አኮረፈች። «ዘመድ ሳያየው ደብቀው፤ ጠላሸት ቀብተህ ነው እንዴ ያነሳኸን?» አሉኝ።

እናቴ የራሷን ወስዳ በሩ ጋ ብርሃን ላይ አየችው። መጀመሪያ ሳቀች፤ «ነጠላዬ እንኳ አምሮበታል» አለች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ቁጭ አለች።

«አየህ ፈንቴ፣ መልሱ ይሄ ነው። እመቤቴ የኔ የሆነውን መልክ ለሰው አልሰጥም ብላ ነው። በቃ ተወው።»

«ሌላ ፊልም ባመጣስ?»

«ብታመጣም አልቆምልህም።»

እናቴ አንዴ እምቢ ካለች በሬ ጠምዶ የሚስባት የለም። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እህቴን አስጠርቼ አስለመንኳት። «ምልክት ታይቶ እንዴት እቃወማለሁ» ትላለች። ነገሩ ሃይማኖት ሆነብኝ፤ ከሃይማኖት ጋር ደግሞ እንዴት ይከራከሩታል? ሆድ ባሰኝ። እኔን ለማትረፍ የተሳለችው ስለት ነው የሚወስዳት፣ እኔ ደግሞ አንዲት ፎቶ እንኳ ማስቀረት አቃተኝ።

ከፖስታው ጋር ግን ነጋቲቩም መጥቶ ነበር። አንድ ጠዋት ገብስ ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት። ነጋቲቭ ሁሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነጠላው ጥቁር ሆኗል፣ ፊቷ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ሊጠራ ምንም አልቀረው። ግን ጨርሶ አልጠራም! ዓይኔን አጥብቤ ሳተኩር እንደ ጭስ የሳሳ ነገር አለበት፤ የቅንድቧ ጥምዝ፣ የአፍንጫዋ ጎን። እናቴ እዚያ ውስጥ አለች፤ የሚያወጣት ነው የጠፋው። ያንኑ ቀን በሶና ቆሎ ቋጠርኩ። ኅዳር ጽዮን ሳይደርስ ፊቷን ይዤ መጥቼ አሳያታለሁ፣ ይኸው እመቤቴ አልከለከለችም እላታለሁ፣ መርቃኝ ትሄዳለች። ሐሳቤ ይሄ ነበር።

የእርዳታ እህል አራግፎ በሚመለስ ባዶ መኪና ጋሸና ደረስኩ። የጋሸና ብርድ የታወቀ ነው፤ ነፋሱን ጋቢ አይከለክለውም። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ሽሮ በልቼ፣ ምስር በጫነ መኪና ላይ ጆንያው መሐል ተወሽቄ ቁልቁል ወረድኩ። ድልብን አልፈን ወደ ወልድያ ስንጠጋ አየሩ ሞቀ፣ ጋቢዬን አወለቅኩ፣ መንገዱ ዳር ማሽላው እንደ ሰው ቆሟል። ለደጋ ልጅ ማሽላ አገር መድረስ ውጭ አገር መሄድ ነው። መርሳ ላይ ሴቶች ብርቱካን ይዘው መኪናውን ከበቡት። እኔ ነጋቲቩን በወረቀት ጠቅልዬ ከደረት ኪሴ አድርጌዋለሁና መኪናው በዘለለ ቁጥር ደረቴን እዳብሳለሁ፤ ሹፌሩ ደረቴን ያመመኝ መስሎት «አይዞህ፣ ደሴ ሐኪም አለ» አለኝ።

ደሴ ፊልሜን ያጠበው የፎቶ ቤት ባለቤት ጋሽ ሰይድ ይባላል። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጣቶቹ በመድኃኒት የጠየሙ ሰው ነው። ቤቱ በመታወቂያ ፎቶ ፈላጊ ተጨናንቋል። ነጋቲቩን ነጥቆኝ ወደ አምፖሉ አነሳው።

«የላስታ ሰው ነህ?»

«አዎ።»

«አውቄዋለሁ! ነጭ ለባሽ ሁላ። እናትህን መቼ አነሳሃት? ነጠላዋን ነው ያነሳኸው።»

«መርፌዋ ገጥማ ነበር እኮ…»

«መርፌዋማ ሞኝ ናት! ነጭ ካየች ብርሃን በዛ ብላ የብርሃኑን በር ታስዘጋሃለች። ሰው የት እንዳለ አታውቅም፣ እናት አታውቅም። ፈረንጅ የሠራት ጥቁር ኮት ለለበሰ አገር ነው። የኛ አገር ሰው ለበዓል ምን እንደሚለብስ ማን ነገራት? አንተ ደግሞ አመንካት።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«የእጅህን ጀርባ አሳያታ! የእጅህ ቀለም የእናትህ የፊቷ ቀለም አይደለም እንዴ? በእጅህ ለክተህ፣ ከዚያ ነጠላውን ረስተህ ታነሳለህ።» ነጋቲቩን መለሰልኝ። «ይሄ ግን አይሆንም። ባዶ ነው። ሂድና ደግመህ አንሳት።»

ደግሜ ማንሳት እንደማልችል ልነግረው ስል ፊቱን ወደ ደንበኛው አዙሯል። እኔም ከበሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። «ሂድ አልኩህ እኮ» አለኝ። «እሺ ጋሼ» እላለሁ፤ አልሄድም። ሰው ሲበዛ ተነስቼ ቆምኩ፣ መጋረጃው ሲወድቅበት ያዝኩለት፣ ሲመሽ ወለሉን ጠረግኩለት። አንድ የአገሬ ሰው ቤት አድሬ በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ደረጃው ላይ ተቀምጬ አገኘኝ።

«ያ ረቢ! አንተ ልጅ ጅኒ ነህ እንዴ? ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

«ጋሼ፣ ኅዳር ጽዮን ሊደርስ ነው። እናቴ ልትሄድ ነው።»

«ታማለች?»

«አልታመመችም። ልትመነኩስ ነው። ፍትሐት ይነበብላታል፤ ከዚያ በኋላ ፎቶ የላትም።» የስለቱንም፣ የአባቴንም ነገር አከታትዬ ነገርኩት። እንባዬ እየመጣ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ነው ያወራሁት።

ጋሽ ሰይድ በሩን ከፈተ። «አላህ ይቀበላት» አለ። «አብሽር፣ ግባ። ቁርስ በልተሃል?» ከጓዳ ባለቤቱ በሳህን ፉል ላከችልኝ፤ «ቅቤ የለበትም፣ ጾማችሁ መሆኑን አውቃለሁ» የሚል መልእክት ተጨምሮበት። እንደዚያ የጣፈጠኝ ፉል የለም።

ጨለማ ክፍሉ ከቁም ሳጥን አይሰፋም። ቀይ አምፖል፣ እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ የሚሰነፍግ መድኃኒት፣ ሳፋዎች። ነጋቲቩን ማጉያው ውስጥ ከተተው፤ ከሥሩ ካለው ጠረጴዛ ላይ እናቴ ተገልብጣ በብርሃን ተሥላ ታየች። የፎቶ ወረቀቱን አስቀመጠና ብርሃን አበራበት፤ ሳፋው ውስጥ ሲገባ ያው ነጠላ ወጣ፣ ያው ጉድጓድ። «ይሄ የምታውቀው ነው» አለኝ። «አሁን ስማ። ወረቀቱ ብርሃን ባገኘ ቁጥር ይጠቁራል። የእናትህ ፊት ላይ ብርሃኑ በዝቶ ያልፋል፤ ስለዚህ ከብርሃኑ መከለል አለብህ። ፊቷ ላይ በእጅህ አጥላ። ነጠላው ይጠቁር፣ ግድ የለህም።»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ነኝ እናቴን የማጣው?»

እጄን በብርሃኑ መሐል ሰደድኩ። የጣቶቼ ጥላ ከእናቴ ፊት ላይ አረፈ። «አታቁም፣ አንቀሳቅስ! ካቆምክ የጣትህ ምልክት ይቀራል» ይጮህብኛል። የመጀመሪያው ወረቀት ፊቷ ላይ እንደ ጨረቃ ክብ ነጭ ወጣ። ሌላው አንድ ጉንጯ ብቻ ታየ። ሌላው ተበላሸ። ጋሽ ሰይድ ወረቀት እንደ ወርቅ የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ሌላ ያወጣል። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፤ እጄን እንደምትወዛወዝ ቅጠል አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ሳለሁ፣ ልጅ እያለሁ ትኩሳት ሲይዘኝ ፀሐይ እንዳይነካኝ እናቴ ፊቴ ላይ እጇን ስታጠላብኝ ትዝ አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጨለማ ስለሆነ ምን ቸገረኝ አልኩ።

ከዚያ የሚቀጥለው ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የነጠላው ጥለት መጣ። ቀጥሎ ቅንድብ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከጭስ ውስጥ እንደሚወጣ ሰው፣ ዓይኖቿ፣ አፍንጫዋ፣ የታችኛው ከንፈሯ። ጥርት ያለ አይደለም፤ ግራጫ ነው፣ ሻካራ ነው። ግን እሷ ናት! ማንም «አጭር ነበረች፣ ረጅም ነበረች» ብሎ አይከራከርባትም። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብሎ አየና «ወላሂ፣ ወጣች» አለ። ተቃቀፍን። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አለመተቃቀፍም አይቻልም ነበር።

ስመለስ ግን መንገዱ ጠላኝ። ከድልብ ወደ ላይ ስንወጣ ጉም ወረደና የመኪናው አፍንጫ እንኳ አልታይ አለ፤ ሹፌሩ አቁሞ ጠበቀ። ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ የመኪናው ፍሪሲዮን ተቃጠለ። ሌላ መኪና እስካገኝ የክብረ በዓሉ ማለዳ ደረሰ። እናቴ ከምትመነኩስበት ከነአኩቶ ለአብ ገዳም መገንጠያ ላይ ዘልዬ ወርጄ ቁልቁለቱን ሮጥኩ። ከገዳሙ ዋሻ አፍ ስደርስ ሕዝቡ ቆሟል፣ ሽታው የሻማ ነው፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጠበል ድምፅ ይሰማል። እህቴ አየችኝና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እናቴ መሬት ላይ ተኝታለች። ነጭ ጨርቅ ከራስ እስከ እግሯ ሸፍኗታል። ካህናቱ ፍትሐቱን እያነበቡ ናቸው። አውቀዋለሁ፣ የምትሞት አይደለችም፤ ግን የተሸፈነችው እንደ ሬሳ ነው። ፎቶዋ ደረቴ ላይ ነው፤ ከጨርቁ በታች ደግሞ ፊቷ አለ፤ እኔ መሐላቸው ቆሜያለሁ። ጮኼ ጸሎቱን ላስቆም ምንም አልቀረኝም። በመኪናው ተናደድኩ፣ በጉሙ ተናደድኩ፣ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፣ በእሷም ተናደድኩ።

ሥርዓቱ አልቆ ስትነሳ ቆብ ጭናለች። ሕዝቡ መስቀል ሊሳለም ዞር ሲል ጠጋ ብዬ ፎቶውን አወጣሁ። «እማ፣ ወጣሽ! ይኸውልሽ፣ ፊትሽ ወጣ!»

አላየችውም። ዓይኗን ከፎቶው በላይ፣ ፊቴ ላይ አደረገች። «ያቺ ሴት ሞታለች ልጄ። ስታዝንላት እንዳትኖር። አንተ ያዘው፣ እኔ አላየውም።» በእጇ ራሴን ነካች። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን «እማሆይ» አልኳቸው፤ አንቱ ሆኑ።

ለሰብለ እስከዚህ ነገርኳት። ያላወቀችው ነገር ቢኖር ከዚያ በኋላ የሆንኩት ነው። እንደተሸነፈ ሰው ካሜራዋን መደርደሪያ ላይ አልሰቀልኩም፤ እልክ ያዘኝ። የእጄን ጀርባ ለመርፌዋ እያሳየሁ፣ ፊታቸው ከሰል የሆነባቸውን ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ ዞሬ ደግሜ አነሳኋቸው። ብልባላ ገበያ ወጥቼ ምንም ፎቶ የሌላቸውን አሮጊቶች አነሳሁ። መርፌ የሌለው ካሜራ ባገኝ፣ መርፌው ሁለት የሆነ ባገኝ፣ ሁሉንም እገዛለሁ፤ እንደ እብድ አዩኝ። ነጭ ለባሽ አገር ውስጥ ፊትን ሳይጥል የሚያነሳ ካሜራ መፈለግ ነበር ሥራዬ፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ስልክ አሁን ያን ሁሉ በራሱ ያውቃል ይሉኛል። ይወቅ።

ባለፈው የካቲት ነአኩቶ ለአብ ወርጄ እማሆይን ጠየቅኳቸው። ዕድሜያቸው ሄዷል፤ ጎጇቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። ጥሬ ሽምብራ ዘግነው ሰጡኝና፣ ሰው ስለ አየሩ እንደሚጠይቅ፣ «ያቺ ሴትዮ… ፎቶዋ አሁንም አለ?» አሉኝ።

ይሄን ሁሉ ዘመን ጠይቀውኝ አያውቁም። ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ ሁልጊዜ ይዤው ነው የምሄደው። አራቁት፣ አቀረቡት፤ ጣታቸውን በነጠላው ላይ አሄዱ።

«ነፍስ ይማር» አሉ። «ምን ዓይነት ሴት ነበረች?»

«ግትር ነበረች፣ እማሆይ።»

ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። ከዚያ እንደገና አተኩረው «ዓይኗን የት ነው የጣለችው? ብረቱን አታየውም» አሉኝ።

«የኔ ጥፋት ነው፤ ሌንሱን እዪ ማለት መቼ አውቅ ነበር። በላዩ አልፋ ነው የምታየው።»

ፎቶውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ብረቱን ምን አድርጌ ልየው ፈንቴ? አንተን እያየሁ ነበር እኮ። ካሜራው ፊትህን ጋርዶብኝ ጸጉርህ ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ ያንን እያየሁ ነበር።»

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ፎቶውን አልመለሱልኝም፤ ከመጽሐፋቸው ገጽ መሐል ከተቱት፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ለሥራዬ ብዬ ይሄን ያህል ዘመን ሰውን ሁሉ «ወደ ካሜራው እዩ» ስል ኖሬያለሁ። አሁን አልልም። ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሰው መጀመሪያ «ማን አብሮህ መጣ?» እለዋለሁ፤ የሚወደው ሰው ካለ ከኋላዬ፣ ከራሴ ከፍ አድርጌ በርጩማ ላይ አቆመዋለሁ።